የዩኒቨርሲቲው በር ይከፈት፣ ዕቃ ቤቱ ይቆለፍ

የዛሬው ጨዋታችን የሚጀምረው በሰባ አምስት ሳንቲም ነው። ሳንቲሙ የአሜሪካ ነው፤ ነገሩ ግን የእኛንም ልጆች ይነካል።

እ.ኤ.አ. በ1986 በካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ ከተማ በሚገኘው የሎውረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪ ክሊፎርድ ስቶል የሚባል የከዋክብት ተመራማሪ በኮምፒውተር ክፍል ተመድቦ ይሠራ ነበር። በዚያ ዘመን ኮምፒውተር ውድ ስለነበር፣ ተመራማሪዎቹ ለተጠቀሙበት ጊዜ ሒሳብ ይታሰብባቸው ነበር። የወሩ ሒሳብ ሲዘጋ ሰባ አምስት ሳንቲም ጎደለ። ሌላ ሰው ቢሆን ከኪሱ አውጥቶ ይገላገለው ነበር። ስቶል ግን ጉድለቱን ሲከታተል፣ ማንም የማያውቀው ሰው ለጥቂት ሰኮንዶች በኮምፒውተሩ ተጠቅሞ ሳይከፍል መውጣቱን ደረሰበት።

ስቶል ከየቢሮው ማተሚያ ለቃቅሞ ከስልክ መስመሮቹ ጋር አገናኘ። ሌባው የሚጽፈው እያንዳንዱ ቃል በወረቀት ይወጣለት ጀመር። ብዙ ወራት የፈጀው ክትትል መጨረሻው ምዕራብ ጀርመን፣ ሃኖቨር ከተማ ሆነ። ሰውየው ማርኩስ ሄስ ይባላል። እሱና ጓደኞቹ የሚለቃቅሙትን መረጃ ለሶቭየት ኅብረቱ የስለላ ድርጅት ለኬጂቢ ይሸጡ ነበር። በኋላ ፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋተኛ ተባለ፤ የእስር ቅጣቱም በገደብ ታለፈለት።

ከታሪኩ ሁሉ እኔን የሚያስገርመኝ አንድ ነገር ነው። ሌባው የገባበት ላቦራቶሪ የሚሠራው ምርምር ምስጢር አልነበረም። ሥራው ለዓለም ሁሉ የሚታተም ነበር። ስለዚህ ብዙዎች «ከእኛ ቤት ምን ይሰረቃል?» ይሉ ነበር። ሌባው ግን የፈለገው ቤቱን ሳይሆን መተላለፊያውን ነው። በዚያ በር ገብቶ ወደ አሜሪካ ጦር ኃይል ኮምፒውተሮች ይሻገር ነበር።

እኔ ለረጅም ዓመታት በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ያገለገልኩ ጡረተኛ ነኝ። ዛሬ የልጅ ልጆቼ በየዩኒቨርሲቲው ይማራሉ። ከእኩዮቼ ጋር ቡና ስንጠጣ ስለ ኢንተርኔት ከተነሣ ሁለት ወገን እንሆናለን። አንዱ «ሁሉንም ቆልፉት፤ ይህ ነገር ልጆቻችንን ሊያጠፋ ነው» ይላል። ሌላው «እውቀት አይደበቅም፤ ዩኒቨርሲቲ ምን ቁልፍ ያስፈልገዋል?» ብሎ ይሞግታል። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ግን ስለ ሁለት የተለያዩ ክፍሎች ነው የሚያወሩት። አንዱ ስለ ዕቃ ቤቱ፣ ሌላው ስለ አዳራሹ። የዩኒቨርሲቲ ችግር የሚጀምረው ሁለቱ ክፍሎች ሲምታቱ ነው።

በሩ ለምን ክፍት ሆነ?

ዛሬ ሁላችን የምንጠቀምበት ኢንተርኔት ከዩኒቨርሲቲ ግቢ የወጣ ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 29 ቀን 1969 በሎስ አንጀለስ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ወደ ስታንፎርድ የምርምር ተቋም የመጀመሪያውን መልእክት ለመላክ ሞከረ። ሊላክ የታሰበው «ሎግኢን» የሚል ቃል ነበር፤ ሁለት ፊደላት ብቻ እንደደረሱ ኮምፒውተሩ ቆመ። ያኔ በመስመሩ ላይ የነበሩት እርስ በርስ የሚተዋወቁ ተመራማሪዎች ስለነበሩ፣ ስለ ቁልፍ ብዙ የተጨነቀ አልነበረም። ጎረቤት ሁሉ በሚተዋወቅበት ግቢ በር ገርበብ ብሎ እንደሚያድር ማለት ነው።

ያ ልማድ ትልቅ በረከት አምጥቷል። ሩቅ ሳንሄድ የኮሮናን ጊዜ እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በጥር 2020 የቻይና ተመራማሪዎች የአዲሱን ቫይረስ የዘር ቅደም ተከተል ከአውስትራሊያዊ ባልደረባቸው ጋር ሆነው ማንም በነፃ እንዲያነበው አወጡት። የክትባት ተመራማሪዎች ቫይረሱን በእጃቸው ሳይነኩ፣ ከዚያ ጽሑፍ ብቻ ተነሥተው በቀናት ውስጥ ሥራ ጀመሩ። ዓመቱ ሳያልቅ ክትባት ተገኘ። በአገራችንም በመጋቢት 2013 ዓ.ም. መሰጠት የጀመረው የአስትራዜኔካ ክትባት መነሻው የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ነው። ትከሻችንን ለመርፌ የሰጠን አዛውንቶች ሁሉ የዚያ ክፍት በር ተጠቃሚዎች ነን።

በእኛም አገር ይህ ጉዳይ ባዕድ አይደለም። በቤተ መጻሕፍት በሠራሁባቸው ዓመታት ከሁሉ የሚያሳዝነኝ፣ አንድ ተማሪ ሁለት ዓመት የለፋበት የመመረቂያ ጽሑፍ መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠጣ ማየት ነበር። በሌላ ከተማ ያለ ተማሪ ያንኑ ጥናት እንደ አዲስ ይጀምረው ነበር፤ አንዱ የሌላውን አያውቅም። ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የመሳሰሉ ተቋማት የመመረቂያ ጽሑፎችን በኢንተርኔት ለንባብ ያቀርባሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ የዩኒቨርሲቲ ምርምር ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን የሚጠይቅ አገር አቀፍ ፖሊሲ ወጥቷል። ደስ የሚል ነገር ነው። የሕዝብ ገንዘብ ያፈራውን ሕዝብ ሊያነበው ይገባል።

ምስጋና መስሎ የመጣ ደብዳቤ

ታዲያ ሌቦችም ይህን ደግነት አጥንተውታል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2018 የአሜሪካ ዐቃቤ ሕግ በዘጠኝ ኢራናውያን ላይ ክስ መሠረተ። በክሱ መሠረት ተከሳሾቹ በአሜሪካ 144፣ በሌሎች 21 አገሮች ደግሞ 176 ዩኒቨርሲቲዎችን ዒላማ አድርገው ነበር። ከመቶ ሺህ በላይ የፕሮፌሰሮች የኢሜይል አድራሻዎች ላይ አነጣጥረው ወደ 8,000 የሚሆኑትን ሰብረው ገብተዋል ይላል።

ጠመንጃም ሆነ ልዩ መሣሪያ አላስፈለጋቸውም። ፕሮፌሰሩ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ የተላከ የሚመስል ኢሜይል ይደርሳቸዋል። «በቅርቡ ያሳተሙትን ጽሑፍ አነበብኩት፤ ከዚህ በታች ያሉትም ጽሑፎች ቢገኙልኝ ደስ ይለኛል» የሚል መንፈስ ያለው፣ ትሕትና የሞላበት መልእክት ነው። ሥራዬ ተነበበልኝ ብሎ የማይደሰት ምሁር የት ይገኛል? ፕሮፌሰሩ ሊንኩን ሲነኩ የራሳቸውን ዩኒቨርሲቲ መግቢያ የሚመስል ገጽ ይከፈታል፤ «እንደገና ይግቡ» ይላቸዋል። ስማቸውንና የይለፍ ቃላቸውን ያስገባሉ። በዚያች ቅጽበት ቁልፉ በሌባው እጅ ገባ።

ልብ በሉልኝ፤ ማጥመጃው የአካዳሚው መልካም ልማድ ራሱ ነው። ጽሑፍ መጠየቅ፣ ጽሑፍ መላክ፣ መመሰጋገን። ልጆቻችን በየቀኑ በቴሌግራም መጽሐፍ፣ የፈተና ወረቀትና ማስታወሻ ሲለዋወጡ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ስለዚህ «አትለዋወጡ» ብንላቸው አይሰሙንም፤ መስማትም የለባቸውም። የሚያስፈልጋቸው የሚሰጠውንና የማይሰጠውን መለየት ነው።

የገና ሰሞን ቤዛ

ቁልፉ በሌባ እጅ ከገባ ወዲያ ምን እንደሚከተል ኔዘርላንድስ ውስጥ የሚገኘው የማስትሪክት ዩኒቨርሲቲ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2019 አጋማሽ አንድ ሠራተኛ በኢሜይል የመጣ ሊንክ ከፈተ። ምንም የተፈጠረ ነገር አልታየም። ሰርጎ ገቦቹ ግን ከሁለት ወር በላይ በውስጥ እየተሽሎከሎኩ፣ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እየተሻገሩ ቆዩ። ታኅሣሥ 23 ቀን፣ አብዛኛው ሰው ለፈረንጆቹ ገና ወደየቤቱ ሲሄድ፣ 267 ሰርቨሮችን በአንድ ጊዜ ቆለፏቸው። ሰርቨር ማለት የብዙ ሰው ፋይል በአንድ ላይ የሚቀመጥበት ትልቅ ኮምፒውተር ነው። ኢሜይሉም፣ የተማሪው ጽሑፍም፣ የተመራማሪው ፋይልም በሙሉ የማይነበብ ሆነ። ከዚያም «ቁልፉን ከፈለጋችሁ ክፈሉ» የሚል መልእክት መጣ።

የዩኒቨርሲቲው ኃላፊዎች ከባድ ምርጫ ገጠማቸው። ለወንበዴ መክፈል ነውር ነው፤ ካልከፈሉ ደግሞ የተማሪዎች ፈተናና የዓመታት ምርምር መና ሊቀር ነው። በመጨረሻ 30 ቢትኮይን፣ በወቅቱ ወደ 200,000 ዩሮ የሚጠጋ ገንዘብ ከፈሉ።

ምርመራው ሲጠናቀቅ ከተገኙት ድክመቶች ሁለቱን ማንኛውም የቤት እመቤት ትረዳቸዋለች። አንደኛው፣ ቤቱ ብዙ ክፍል ቢኖረውም በየክፍሉ መካከል የረባ መዝጊያ አልነበረም፤ በአንዱ የገባ ሁሉም ጋ ይደርሳል። ሁለተኛው፣ አንዳንዱ የመጠባበቂያ ቅጂ ከዋናው ጋር በአንድ መስመር ስለተቀመጠ አብሮ ተቆለፈ። ትርፍ ቁልፍን እዚያው በሩ ላይ ሰክቶ እንደ መሄድ ነው።

ዩኒቨርሲቲው ከዚያ በኋላ ያደረገውን ግን እወድለታለሁ። ጉዳዩን አልደበቀም። በየካቲት 2020 የምርመራውን ውጤት በአደባባይ አቀረበ፤ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች እንዲማሩበት የት ጋ እንደተሳሳተ በዝርዝር ተናገረ። ፖሊስም ከተከፈለው ገንዘብ የተወሰነውን ዩክሬን ውስጥ ደረሰበት። ሲታገድ ወደ 40,000 ዩሮ የሚገመተው ያ ገንዘብ፣ የቢትኮይን ዋጋ ስለናረ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ግማሽ ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ደርሶ ነበር። ዩኒቨርሲቲውም ገንዘቡ ለተቸገሩ ተማሪዎች መርጃ እንዲውል ወሰነ።

«ታዲያ ቁልፍ ሲበዛ እውቀት አይዘጋም ወይ?» ለምትሉ፣ የለንደኑን የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 ተመሳሳይ ወንበዴዎች ገቡበት፤ ቤተ መጻሕፍቱ አልከፍልም አለ። የተሰረቀው መረጃ ወደ 600 ጊጋባይት ይጠጋል፤ የሠራተኞችም የግል መረጃ አብሮ ወጣ። ቤተ መጻሕፍቱ ለዓለም በነፃ ይሰጠው የነበረው የብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች የዶክትሬት ጽሑፎች አገልግሎትም ለረጅም ጊዜ ተዘጋ። አዲስ አበባ ተቀምጦ ያንን ማውጫ ይጠቀም ለነበረ ተማሪ፣ ለንደን ላይ የተሰበረው በር እሱንም ጎዳው። እንግዲህ ክፍቱን አዳራሽ ክፍት አድርጎ የሚያቆየው የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ነው።

ከገዳማቱ የምንማረው

ይህ ጥበብ ለእኛ አዲስ አይደለም። በልጅነታችን የምናውቀውን የደብር ግቢ አስታውሱ። ደጀ ሰላሙ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ነዳያንም፣ መንገደኛም፣ የቆሎ ተማሪም ይገባል። ብራናው፣ ጽዋውና ካባው ግን ዕቃ ቤት ነው። ቁልፉም ስሙ የታወቀ ኃላፊ አለው፤ ማንም እየተነሣ አይከፍተውም። የደብሩ አለቃ የቱንም ያህል ደግ ቢሆኑ ቁልፉን ለመንገደኛ አይሰጡም፤ ማንም ደግሞ በዚህ ስስታም አይላቸውም።

ታዲያ የብራናው እውቀት ተቆልፎ ቀረ? አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሣት ትልቅ ሥራ ተጀመረ። በየገዳማቱና በየአድባራቱ የሚገኙ ከ9,000 በላይ የብራና መጻሕፍት ፎቶ ተነሡ። ፊልሙ አሜሪካ ውስጥ በሚኒሶታ በሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ እዚያ ተቀምጠው ለብዙ ዓመታት እያንዳንዱ ብራና ምን እንደያዘ መዘገቡ። ዛሬ ከእነዚያ ምስሎች ብዙዎቹን የትም ያለ ተመራማሪ በኢንተርኔት ማንበብ ይችላል።

ቃሉ ለዓለም ተዳረሰ፤ ብራናው በዕቃ ቤቱ፣ ቁልፉም በጠባቂው እጅ ቀረ። በዚያ ላይ ዋናው በእሳት ወይም በሌባ ቢጠፋ ቅጂው ሌላ ቦታ አለ። የዛሬ ባለሙያዎች «መጠባበቂያ ቅጂ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ» የሚሉት ይህንኑ ነው። ማጋራትና መጠበቅ ጠላቶች እንዳልሆኑ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

«ስስታም እባላለሁ»

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። የልጅ ልጄ የኅብረተሰብ ጤና ሁለተኛ ዲግሪዋን ስትሠራ የሳንባ ነቀርሳ ታማሚዎችን አነጋግራ ነበር። ጎረቤት እንዳይሰማባቸው የሚሳቀቁ፣ አንዳንዶቹም ለትዳር ጓደኛቸው ያልተናገሩ ሰዎች ናቸው። «ስማችሁ አይወጣም» ብላ ቃል ገብታ፣ አስፈርማ ነው ያናገረቻቸው።

አንድ ቀን እቤት መጥታ አሳሳቢ ነገር እንደገጠማት አወራችኝ። አብሯት የሚማር ልጅ በቴሌግራም «ፋይሉን በሙሉ ላኪልኝ፤ የመግቢያሽንም ፓስወርድ አብረሽ ላኪው፤ እኔም ተመሳሳይ ጥናት ልሠራ ነው» ብሏታል። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ዶርም ውስጥ ዳቦና ካልሲ የሚካፈሉ ልጆች ናቸው። «አባባ፣ ብከለክለው ስስታም እባላለሁ። ብሰጠው ደግሞ ለሕመምተኞቹ የገባሁትን ቃል አፈርሳለሁ። እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?» አለችኝ።

ወረቀት አምጥተን ሁለት ዓምድ አሰመርን። በአንደኛው የሚሰጠውን ጻፍን። መጠይቁ ይሰጣል። ጥናቱ የተሠራበት መንገድ ይሰጣል። ውጤቱ፣ ሠንጠረዡ፣ ያነበበቻቸው መጻሕፍት ዝርዝር ሁሉ ይሰጣል። በሁለተኛው የማይሰጠውን ጻፍን። የሰዎቹ ስምና ስልክ፣ ስሙን ከመለያ ቁጥሩ ጋር የሚያገናኘው ዝርዝር፣ የይለፍ ቃሏም አይሰጡም።

እሷ ያሰበችበት አንድ ተጨማሪ ነገር ነበር፤ እኔ እንኳን አደነቅኳት። «ስም ማጥፋት ብቻ አይበቃም» አለች። ትንሽ ከተማ ውስጥ «የሠላሳ አራት ዓመት ሴት፣ አስተማሪ፣ የሁለት ልጆች እናት» ተብሎ ቀበሌው ከተጻፈ፣ ስሟ ባይጠራም ጎረቤት ያውቃታል። ስለዚህ ዕድሜውን «ከ30 እስከ 39» ብላ ሰፋ አደረገችው፤ ሥራና ቀበሌውን አወጣች። ልጁም የተላከለትን መጠይቅ ይዞ በሌላ ከተማ የራሱን ጥናት ሠራ። ጓደኝነታቸውም አልተቋረጠም።

በአውሮፓ ኅብረት የምርምር መመሪያ ውስጥ «በተቻለ መጠን ክፍት፣ በሚያስፈልገው መጠን ዝግ» የሚል መርህ አለ። የልጅ ልጄ ሁለት ዓምዶች ያው ናቸው። በእኛም አገር በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስለወጣ፣ የሰው የጤና መረጃ እንደ ልብ የሚበተን ነገር አይደለም።

ሸክሙን ሁሉ ግን በልጆቹ ላይ መጣል ተገቢ አይደለም። ያቺው ልጅ የምትማርበት ክፍል ኮምፒውተር የጋራ ይለፍ ቃል በወረቀት ተጽፎ ስክሪኑ ላይ ተለጥፎ እንደነበር ነግራኛለች። መግቢያው የሁሉም ከሆነ ጥፋት ሲመጣ ተጠያቂው ማንም አይሆንም። ለእያንዳንዱ ተማሪ የራሱን መግቢያ መስጠት፣ ሠራተኛ ሲለቅ መግቢያውን መዝጋት፣ ቅጂ ማስቀመጥ የተቋሙ ግዴታ ነው። ጥበቃው ከሚገባው በላይ ሲከብድ ደግሞ ተማሪው አቋራጭ ይፈልጋል። ፋይሉን በሕጋዊው መንገድ መላክ ሦስት ፊርማ የሚያስጠይቅ ከሆነ በቴሌግራም ይልከዋል። ጥሩ ቁልፍ ባለቤቱ በቀላሉ የሚከፍተው ቁልፍ ነው።

ከእኛ ከወላጆች ምን ይጠበቃል?

ኮምፒውተር አላውቅም ብላችሁ እጃችሁን አትሰብስቡ። የሚከተሉት ነገሮች የኮምፒውተር እውቀት ሳይሆን የቤት ሥርዓት ናቸው።

አንደኛ፣ የይለፍ ቃል ማኅተም መሆኑን እናስተምር። እንጀራ ይካፈሉታል፤ ማኅተምና ፊርማ ግን አይዋሱትም። ለዚህ ምሳሌ መሆን ያለብን እኛ ነን። የቴሌብራችንን ምስጢር ቁጥር በሰፈር ሱቅ ባለሱቁ ፊት ጮክ ብለን የምንናገር ከሆነ፣ ልጁ ምስጢር መጠበቅን ከማን ይማራል?

ሁለተኛ፣ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለውን ተረት እናስታውሳቸው። የአጥማጅ መልእክት ዋና ምልክቱ ማጣደፍ ነው። «ዛሬ ካልገባህ መለያህ ይዘጋል»፣ «በአንድ ሰዓት ውስጥ መልስ» ይላል። ለእኛም «ከዩኒቨርሲቲ ነው፤ ልጅዎ ታሟልና ገንዘብ ይላኩ» ብሎ የሚደውል ይኖራል። ስልኩን ዘግቶ በምናውቀው ቁጥር ልጁን ወይም ዩኒቨርሲቲውን መጠየቅ ነው።

ሦስተኛ፣ ሁለተኛ ቁልፍ ይጨመር። ኢሜይልም ቴሌግራምም ከይለፍ ቃሉ በተጨማሪ ሌላ ማረጋገጫ የሚጠይቁበት መንገድ አላቸው፤ ልጆቹ በደቂቃዎች ውስጥ ያስተካክሉታል። በስልክ የሚመጣውን ኮድ ግን ለማንም፣ «ከድርጅቱ ነኝ» ለሚልም ቢሆን፣ መናገር አይገባም።

አራተኛ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ በአንድ ፍላሽ ብቻ አይቀመጥ። አንዱ ኮምፒውተር ላይ፣ አንዱ በኢንተርኔት፣ አንዱ ደግሞ ከምንም ጋር ሳይያያዝ ቤት ውስጥ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ። ለዚህ ሦስተኛው ተስማሚ ጠባቂ አያት ናት።

አምስተኛ፣ ከግቢ ውጭ ባሉት የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ቤቶች ጥንቃቄ አይለይ። ጽሑፍ ከታተመ በኋላ ፋይሉ ከኮምፒውተሩ መጥፋቱን፣ ከኢሜይል መውጣቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ሰው ሁሉ የሚሰካበት ኮምፒውተር ላይ የዋለ ፍላሽም ሳይፈተሽ ሌላ ኮምፒውተር ላይ አይሰካ።

ስድስተኛው ለእኛው ነው። ልጃችን ፈተና ሲያልፍ የውጤቱን ወረቀት ፎቶ አንሥተን ፌስቡክ ላይ እንለጥፋለን። ደስታችንን እናካፍል፤ የመለያ ቁጥሩንና መታወቂያውን ግን እንሸፍነው።

የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል። ልጁ ተታሎ የማይነካውን ነክቶ ቢገኝ አናዋርደው። በማስትሪክት ሰርጎ ገቦቹ ሁለት ወር ያገኙት መግባታቸው ስላልታወቀ ነው። ተሳስቶ በሰዓቱ የሚናገር ተማሪ ዩኒቨርሲቲውን ያድናል፤ ውርደት ፈርቶ የሚደብቅ ተማሪ ለሌባው ጊዜ ይሰጠዋል። «ምን ዓይነት ደደብ ነህ» የሚለው ቃላችን መጀመሪያ የሚያስተምረው መደበቅን ነው። «ጎሽ፣ ቶሎ ነገርከኝ፤ አሁኑኑ ይለፍ ቃልህን ቀይርና ለኮምፒውተር ክፍሉ አሳውቅ» ማለት ይሻላል።

ወደ ዩኒቨርሲቲው ብቅ የማለት ዕድል ያገኘን ወላጆችም ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ። የልጄን መረጃ ማየት የሚችለው ማን ነው? ቅጂውስ የት ይቀመጣል? ልጄ አንድ አጠራጣሪ ነገር ቢደርሰው የሚደውልለት ሰው ማን ነው? ለሦስተኛው ጥያቄ ስምና ስልክ ቁጥር ወዲያው የሚሰጥ ዩኒቨርሲቲ በደንብ አስቦበታል ማለት ነው። ስልኩን ጽፋችሁ ለልጃችሁ ስጡት።